ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ትርንጎ

ኅሩይ አርባው በወጣ ማግስት ወደ ሚስቱ ኮምፒውተር ገባ፤ እዚያም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ።

ትርንጎ ያየችው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን የማመልከቻ መጻፊያ ቤቷን ከፈተች፤ ኮምፒውተሩን አበራች፤ ሥዕሉ እስኪመጣ እንደ ልማዷ ጣቶቿን አፍታታች። ሥዕሉ መጣ። ግቢው የወትሮው ግቢ ነው፦ አረንጓዴው የቆርቆሮ በር፣ የኮክ ዛፉ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ከግድግዳው ሥር አግዳሚው። አግዳሚው ላይ ግን ባሏ ተቀምጧል። ቡናማ ኮቱን ለብሷል። ያንን ኮት ትርንጎ ከሳምንት በፊት ለወንድሙ ሰጥታው ነበር። ኅሩይ ቀና ብሎ አያት፣ በራሱ ሰላም አላት፣ ጋዜጣውን ገለጠ።

ትርንጎ አለቀሰች። ብዙም አልቆየች፤ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ነበርና ዓይኗን ጠርጋ "ይግቡ" አለች።

"ማነው እሱ?" አለ ባለጉዳዩ፣ ወደ ኮምፒውተሩ እያየ።

"ባለቤቴ ነው።"

"ጤና ይስጥልኝ" አለ ሰውየው ለሥዕሉ። ከዚያም ተቀምጦ የአጥር ክርክሩን ማስረዳት ጀመረ።

ነገሩን ከሥሩ ለሚጠይቅ፣ ግቢው የራሳቸው ነበር። በ1996 ዓ.ም. ሸማኔ ኮምፒውተር የተባለው ድርጅት "ደጅ" የሚል ስም ያወጣለትን የኮምፒውተር ሥርዓት ለገበያ ሊያቀርብ ሲሰናዳ፣ ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚታይ ሥዕል ፈለገ። ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው እንኮይ ሰፈር ድረስ መጥቶ፣ የሁሉንም ሰው ግቢ የሚመስል ግቢ ሲፈልግ ዋለና የእነ ትርንጎን አገኘ። አንሶላ ተሰጥቶ ነበር። ልሰብስበው ብትለው "ይተዉት፣ ያምራል" አላት። ለውለታቸው አንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰጥቷቸው ሄደ። ቀን መቁጠሪያው የፈረንጅ ስለነበር ኅሩይ ቀዶ መደርደሪያ አለበሰበት።

ከዚያ ወዲህ ደጅ ያለበት ኮምፒውተር ሁሉ የእነሱን ግቢ ያሳይ ጀመር። ትርንጎ የመብራት ልትከፍል ሄዳ የገዛ አንሶላዋን በስድስት መስኮት ተሰጥቶ አይታለች። ኅሩይ በበኩሉ አንዲት ጸሐፊ ፋይሎቿን በሙሉ የኮክ ዛፋቸው ላይ ደርድራ ስላገኛት፣ የሄደበትን ጉዳይ ትቶ ተቆጥቶ ተመልሷል። ኮኩ ሲያፈራ የሰፈሩ ልጆች በቆርቆሮው ቀዳዳ ዓይናቸውን እያስገቡ ስንት እንደቀላ ይቆጥሩ ነበር። ልጆቹን ሥዕሉ አያሳይም። ትርንጎ ግን በሩን ባየች ቁጥር ቀዳዳዋ ላይ ዓይን ትፈልጋለች።

በ2000 ዓ.ም. እንኮይ ሰፈር ለመንገድ ተነሣ። አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጥቶ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈ፤ አሥራ አምስት ቀን ተሰጣቸው። ኅሩይ በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት አሥራ ዘጠኝ ማመልከቻ ጻፈ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዶዘሩ መጣ። እነሱም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ፤ ኅሩይም በዓመቱ ሞተ። ሰዎች በንዴት ነው አሉ። ሐኪሙ በልቡ ነው አለ። ትርንጎ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታያትም።

ኅሩይ በሕይወት ሳለ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። የእሱ መሣሪያ የጽሕፈት መኪና ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱ በሁለት ጠረጴዛ ፊት ለፊት እየተያዩ የሰው አቤቱታ ጽፈዋል። አሁን መኪናው ሰማያዊ ጨርቅ ለብሶ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከሥዕሉ ድምፅ አይወጣም፤ ኅሩይ የሚናገረው በግልባጭ ነው።

የኛ አገር ማመልከቻ ግልባጭ ከሌለው ማመልከቻ አይባልም። ባለጉዳይ አቤቱታውን ለአንዱ ቢሮ ያቀርብና፣ አንዱ ቢተኛ ሌላው ይነቃል ብሎ፣ ከግርጌ ለሌሎች አምስት ቢሮዎች ግልባጭ ያደርጋል። ኅሩይ ደግሞ በግልባጭ የታወቀ ነበር። አንዴ ለአንዲት የጠፋች በቅሎ አሥራ አንድ መሥሪያ ቤት አሳውቋል፤ በቅሎዋም ተገኝታለች። ወደ ሥዕሉ በገባ በሦስተኛው ቀን ትርንጎ የአንዲት ሴትዮ የቀለብ ማመልከቻ አትማ ስታነብ፣ ከግርጌ እሷ ያልጻፈችው መስመር አየች።

ግልባጭ፦
ለወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለወ/ሮ ትርንጎ፤ ምሳሽን ሳትበዪ እንዳትውዪ

ልታጠፋው ሞከረች። ኮምፒውተሩ ላይ የለም፤ ያለው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ደግማ ብታትመው "ነግሬሻለሁ" የሚል ተጨምሮበት ወጣ። ሴትዮዋ እንዲሁ ይዛው ሄደች፤ መዝገብ ቤቱም ቁጥር ሰጥቶ ተቀበለው። በማግስቱ ተላላኪ መጥቶ "ግልባጩ ለርስዎ ስለሆነ ፈርመው ይቀበሉ" አላት። ፈረመች። ምሳዋንም በላች።

እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ዓመት አለፈ። ኅሩይ አንዳንድ ቀን ስለ ደም ግፊቷ ይጠይቃታል፤ አንዳንድ ቀን የሰዋስው ስህተቷን ያርማል፤ ክረምት ሲገባ "ጃንጥላሽን ይዘሻል?" ይላታል፤ ይህን የሚላት በዕድሜው ካልሰጡት በቀር ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ የማያውቀው ሰው ነው። ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ሥራ ቦታዋ የምትደርሰው በጥድፊያ ነበር። በእሷ ዕድሜ ለሥራ እንዲህ የምትጣደፍ ሴት በዚያ መንገድ አልነበረችም።

በ2006 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሸማኔ ኮምፒውተር ለደንበኞቹ በሙሉ ደብዳቤ በተነ። ደጅ የተባለው ሥርዓት ይቋረጣል፤ ደንበኞች "እልፍኝ" ወደተባለው አዲስ ሥርዓት ይዛወራሉ፤ እልፍኝ ሰፊ፣ ዘመናዊና መስታወት የበዛበት ነው ይላል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሥዕሉ ውስጥ አረንጓዴው በር ተከፈተና ሜትር የያዘ ሰው ገባ። ግቢውን ለካ፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም "ደ-114" ብሎ ጻፈ፤ ወጣ። ኅሩይ ጋዜጣውን አጥፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያየው ነበር። ከዚያ በኋላ የታተመው የአንድ ሹፌር የሥራ ማመልከቻ ግልባጩ እንዲህ ይላል፦

ለወ/ሮ ትርንጎ፤ እነዚህ ሰዎች እዚህም መጡ

በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ መጣ። የሚቋረጠው እልፍኝ እንጂ ደጅ አይደለም፤ ለተፈጠረው መደናገር ይቅርታ። በሥዕሉ ውስጥም ባለሜትሩ ሰው ነጭ ጋዝና ጨርቅ ይዞ ተመልሶ ቁጥሩን አጠፋ። በሚያዝያ ሦስተኛው ደብዳቤ መጣ። ሁለቱም ይቀጥላሉ፤ ነገር ግን ይዋሃዳሉ። በማግስቱ ከሥዕሉ ግራ በኩል የመስታወት ግድግዳ እየተገፋ መጥቶ የልብስ ማስጫው ገመድ መሃል ላይ ቆመ፤ አንሶላው ግማሹ ውጪ፣ ግማሹ ውስጥ ሆነ። ኅሩይ አግዳሚውን ትንሽ ወደ ቀኝ ሳበ። አራተኛው ደብዳቤ፣ ቀደም ብለው የወጡት ሦስቱ እንዳልተጻፉ ይቆጠሩ የሚል ነበር። ትርንጎ ፋይሏን ስትከፍት ሦስቱ ደብዳቤዎች ነጭ ወረቀት ሆነዋል። መስታወቱም ሄዷል። የቀዩ ቀለም ጥላ ግን በሩ ላይ ቀርቷል።

አምስተኛው ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰ። አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል።

"ደጅ ሰኔ 30 ቀን 2014 ያበቃል።"

ትርንጎ ወረቀቱን ይዛ ጎረቤቷ ጋ ሄደች። ጎረቤቷ ሰዓት ሠሪው ጋሼ ዘርጋው ናቸው፤ አርባ ዓመት አንዲት ክንድ በማትሞላ ሱቅ ውስጥ፣ ማጉያ መነጽራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ኖረዋል። ደብዳቤውንም በዚያው መነጽር አነበቡት።

"2014?" አሉ። "በማን አቆጣጠር?"

ትርንጎ ወረቀቱን ተቀብላ አየች፤ ዓ.ም. የሚል የለበትም። ሃያ ሰባት ዓመት ባለጉዳይ ሁሉ "ዓ.ም." ሳይል ዓመት ሲጠራ ስትቆጣ የኖረች ሴት ናት።

"በኛ ከሆነ ስምንት ዓመት አለሽ" አሉ ጋሼ ዘርጋው። "በፈረንጅ ከሆነ ግን ወር አይሞላሽም።"

ትርንጎ ያን ዕለት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ማመልከቻ ለመጻፍ ተቀመጠች። ለሰው ስትጽፍ ልኩን ታውቃለች፦ ሦስት መስመር ለሕግ፣ አንድ መስመር ለእንባ። ለራሷ ሲሆን ግን ሕጉ ጠፋባት። የዶዘሩን ድምፅ ጻፈች፤ የኮኩን ዛፍ ጻፈች፤ አንዴ ተነሥተናል፣ ሁለተኛ አንነሣም ብላ ጻፈች። አራት ገጽ ሞላ። አትማ ግርጌውን አየች።

ለወ/ሮ ትርንጎ፤ አትለማመጫቸው። እኔ አሥራ ዘጠኙንም ተለማምጬ ነው። ቀኑን ብቻ ጠይቂያቸው

ቀና ብላ ሥዕሉን አየች። ኅሩይ ጋዜጣው ውስጥ ገብቷል። አራቱን ገጽ ቀደደችና ግማሽ ገጽ ጻፈች።

ሰኔ 12 ቀን ወደ ሸማኔ ኮምፒውተር ዋና መሥሪያ ቤት ሄደች። የዕቅድ ክፍሉን ስትጠይቅ ዘበኛው ሊፍቱን አሳያት። ክፍሉ በየትኛው ፎቅ እንደሚሆን ገና ስላልተወሰነ ሠራተኞቹ ሊፍቱ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የፋይል ሳጥን አለ። አቤኔዘር የሚባል ክራቫት ያሰረ ወጣት ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላትና ቁልፉን ተጫነ። ሊፍቱ መውጣት ጀመረ።

"ምን ልታዘዝ እናቴ?"

"ደጅ የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን 2014 ነው ትላላችሁ።"

"አዎ።"

"በማን አቆጣጠር?"

አቤኔዘር ደብዳቤውን ተቀብሎ አየው። ሁለት ፎቅ አለፉ።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ።

"በኛ ከሆነ ስምንት ዓመት አለኝ። በእነሱ ከሆነ አሥራ አንድ ቀን።"

"ያረቀቀው ልጅ በኛ ነው የሚያስበው። የተረጎመው ደግሞ በእነሱ። የፈረሙት ሰው ቀን አያነቡም።" ሊፍቱ ጫፍ ደርሶ መውረድ ጀመረ። "ለምን ወደ እልፍኝ አይዛወሩም? ምትክ እንሰጣለን።"

"ባለቤቴስ?"

"ምን አደረጉ?"

"ግቢው ውስጥ ነው ያለው። አግዳሚው ላይ።"

አቤኔዘር ይህን በማስታወሻው ላይ ጻፈ። "ፋይል ይዛወራል" አለ ቀስ ብሎ። "ሰውም ቢሆን ሳይዛወር አይቀርም። ግን እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እልፍኝ አግዳሚ የለውም።"

"ምን አለው?"

"ወለል።"

ምድር ቤት ደርሰው ነበር። ትርንጎ ማመልከቻዋን አስመዝግባ ቁጥር ተቀበለች። ቁጥሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ታክሲው ሄደች። ባለፈው ጊዜም ምትክ ይሰጣል ብለው ነበር፤ ኅሩይ በዚያ ምትክ አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሞ አንድ ዓመት ወደ ታች ሲያይ ኖረና ሞተ።

መልሱ የመጣው ሰኔ 23 ቀን ነው፣ ሰኞ፣ ሱቋን በከፈተች በግማሽ ሰዓት ውስጥ። በአቆጣጠሩ ጉዳይ የተሰበሰበው ኮሚቴ ድምፁ እኩል ስለተከፈለ ውሳኔው ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ተትቷል፤ ኮምፒውተሩ "ዛሬ ሰኔ 30 ቀን 2014 ነው" ባለ ዕለት ደጅ ያበቃል፤ ከሰላምታ ጋር። ትርንጎ የኮምፒውተሩን ጥግ አየች። ኮምፒውተሩ ሲገዛ ጀምሮ በፈረንጅ ነበር የሚቆጥረው። ሰኔ 30 ቀን 2014 ይላል።

ከቆርቆሮው በር በላይ የዶዘር ክንድ ብቅ ብሏል፤ ቢጫ ነው፤ ለጊዜው አይንቀሳቀስም። ኅሩይ ተነሥቶ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቶ የገዛ ክንዱ ላይ እየጠቀለለ ነበር። ጋዜጣውን አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቷል።

"ጋሼ ዘርጋው!" ብላ ተጣራች። ድምፅዋ እስከ ፍርድ ቤቱ በር ተሰማ።

ጋሼ ዘርጋው መነጽራቸውን ሳያወልቁ መጡ። ደብዳቤውን አነበቡ፤ ዶዘሩን አዩ፤ ኅሩይን አዩ።

"ታዲያ ሰዓቱን መልሺዋ" አሉ።

"ወደ ኋላ?"

"ምን ወደ ኋላ! ወደ አገርሽ ነው የምትመልሺው።"

ትርንጎ የሰዓቱን ቦታ ከፈተች። 2014 የሚለውን አጥፍታ 2006 ጻፈች። 30 የሚለውን አጥፍታ 23 ጻፈች። ወሩን አልነካችውም፤ ሰኔ ሰኔ ነው።

"ሰዓቱንም" አሉ ጋሼ ዘርጋው። "ሰዓት ከተነካ በሙሉ ነው የሚነካው፤ ግማሹን የነካ ያበላሸዋል።" ከኪሳቸው ሰዓታቸውን አውጥተው አዩ። "ሦስት ሰዓት ከጠዋቱ።"

3 ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ "እርግጠኛ ነዎት?" ሲል ጠየቀ። ትርንጎ በዕድሜዋ በምንም ነገር እርግጠኛ ሆና አታውቅም። "አዎ" የሚለውን ተጫነች።

ግቢው ጨለመ።

"መብራት ሄደ እንዴ?" አሉ ጋሼ ዘርጋው። የሱቁ አምፖል በርቷል። ትንሽ አሰቡና ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። "ወይ ጉድ! ሌሊት አደረግነው። እነሱ ቀኑን የሚጀምሩት ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ሦስት ሰዓት ለእነሱ ጨለማ ነው።"

"አርባ ዓመት ሰዓት ሠርተው ይሄ ይጠፋዎታል?"

"የማውቀው ሰዓት መሥራት ነው እንጂ ቀን ማምሸት አይደለም" አሉ።

ዓይናቸው ጨለማውን እየለመደ ሲሄድ ግቢውን ለዩት። ዶዘሩ የለም። በሩ ላይ የቀይ ቀለም ጥላ እንኳ የለም። ገመዱ እንደ ጥንቱ ተወጥሮ ታስሯል፤ አንሶላው ተሰጥቷል። አግዳሚው ግን ባዶ ነው። ትርንጎ ቶሎ ብላ ባዶ ገጽ አተመች። ወረቀቱ ላይ "ግልባጭ፦" የሚል ብቻ ወጣ። ከሥሩ ምንም የለም።

ደነገጠች። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ነጭ ነው። ግቢውን አትርፋ ሰውየውን ያጣች መሰላትና ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ባዶ ግቢ ለስምንት ዓመት ምን ያደርግላታል?

"አጠፋሁት" አለች። "በገዛ እጄ አጠፋሁት።"

"ቆይ እስቲ" አሉ ጋሼ ዘርጋው። "ይሄ ማሽን አሁን ስንት ነኝ ይላል?"

"2006።"

"እሱ ግን በፈረንጅ ነው የሚያስበው። 2006 ካልሽው የእነሱ 2006 ነው የሚመስለው።" በጣታቸው ቆጠሩ። "በኛ 1998 መሆኑ ነው። በ1998 ኅሩይ የት ነበር?"

ትርንጎ ጨለማው ውስጥ የቤቱን በር ፈልጋ አገኘች።

"ተኝቷል" አለች በመጨረሻ። "ከውስጥ።"

"ሞቷል?"

"ኧረ ምን በወጣው! ያኔ ደህና ነው።"

"እንግዲህ ደህና ሰው ሌሊት አግዳሚ ላይ ምን ይሠራል?" አሉ ጋሼ ዘርጋው፤ ሄደውም የራሳቸውን በርጩማ አመጡ።

ጠበቁ። ባለጉዳይ ሲመጣ ትርንጎ ማመልከቻውን በእጇ ትጽፍለታለች፤ ዓይኗ ግን ከሥዕሉ አይነቀልም። ከተማው ስድስት ሰዓት ሆኖ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን፣ በግቢው ውስጥ ጎህ ቀደደ። ሰማዩ ደመና ነው፤ ያካፋል። ሰባት ሰዓት ሲል የቤቱ በር ተከፈተና ኅሩይ ወጣ። ፀጉሩ ገና አልሸበተም። ቡናማ ኮቱን ለብሷል፤ ጃንጥላ አልያዘም። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ከኋላው እጇ የሳሙና አረፋ የሆነ ሴት ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች ወጣች።

ትርንጎ ራሷን አየች። ወፍራም ነበረች፤ ደስተኛም ነበረች። ሁለቱንም ረስታው ነበር።

ኅሩይ ጃንጥላውን ተቀበለና የሆነ ነገር አላት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ አረፋውን ኮቱ ላይ ጠረገችበት። ከዚያ እሱ በሩን ዘግቶ ወጣ። እሷ አንሶላውን ከዝናቡ ልትሰበስብ ዞረች፤ አንዴ ቀና ብላ፣ ደጅ ላይ ሰው የቆመ እንደመሰለው ሰው ወደዚህ አየች፤ ወደ ቤት ገባች።

"ምን አላት?" አሉ ጋሼ ዘርጋው።

"አላስታውስም" አለች ትርንጎ። ከመጣው ነገር ሁሉ ይልቅ ልቧን የጎዳው ይህ ነው። ያን ጠዋት እዚያው ነበረች፤ ስቃለች፤ ነገሩ ግን ከእሷ ጋር አልቀረም።

"ወዴት እየሄደ ነው?"

"ሥራ። በእግሩ ነው የሚመጣው። ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይገባል።"

"የጠዋቱ ሁለት በእነሱ ስምንት ነው። ይሄም ማሽን ስምንት የሚለው ዛሬ በኛ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ ከሰዓት።" ጋሼ ዘርጋው ሰዓታቸውን አዩ። "ሥራው የት ነበር?"

ሁለቱም ሰማያዊውን ጨርቅ አዩት።

ጋሼ ዘርጋው በርጩማቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ የሆነ ነገር ትዝ ብሏቸው ቆሙ።

"አንቺስ? በ1998 አንቺ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ ነዋ። ልብሱን አጣጥቤ፣ ቤቱን አስተካክዬ፣ ከእሱ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ነበር የምገባው።"

"የቱ ወንበር ነበር ያንቺ?"

ትርንጎ የተቀመጠችበትን ወንበር እጀታ በሁለት እጇ ያዘች። "ይሄው።"

ጋሼ ዘርጋው መነጽራቸውን ከዓይናቸው አወለቁ። ያለ መነጽር ሲያዩዋት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"አንድ ሰዓት አለሽ እንግዲህ" አሉ።

"አንድ ሰዓት ይበቃኛል" አለች ትርንጎ። "ያን ጠዋት ምን እንዳለኝ እጠይቀዋለሁ።"

ጋሼ ዘርጋው ወጡ። ትርንጎ ተነሥታ ሰማያዊውን ጨርቅ ገለጠች፤ አቧራውን በደጅ አራገፈች፤ አጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። የጽሕፈት መኪናውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ነጭ ወረቀት አጉርሳ፣ ኅሩይ እንደሚወደው ሁለት ጣት ከላይ አስተርፋ አስተካከለች። ከራሷ ጠረጴዛ ላይ የመድኃኒቷን ብልቃጥ፣ የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍና የሐዘን ፎቶውን ወደ ቦርሳዋ ከተተች፤ አንድ ሰዓት ዘግይታ ለምትመጣዋ ጠረጴዛው ንጹሕ ሆኖ ቢቆያት ይሻላል ብላ ነው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ፀጉሯን በእጇ ዳበስ አደረገች።

ውጪ ፀሐይ ነበር። መንገዱ ደረቅ ነው፤ ከምሳ የተመለሱት ባለጉዳዮች ፋይላቸውን ራሳቸው ላይ ደፍተው ጥላ ይፈልጋሉ።

ኮምፒውተሩ ስምንት ሲል ከደጃፉ ጃንጥላ የሚራገፍ ድምፅ ተሰማ። ደረቁ የመግቢያ ሲሚንቶ ላይ ጠብታዎች አንድ በአንድ ታዩ። ከዚያም እግር መጥረጊያው ጆንያ ላይ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ጭቃ ተጠረገ።